ሕግ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት ድራማ፦ «የቺን ኢምፓየር» የመጀመሪያው ምዕራፍ

በ51 ክፍሎች የተሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በቻይና ቴሌቪዥን ለተመልካች የቀረበውን «የቺን ኢምፓየር» የተባለ ታሪካዊ ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር የታሪኩን መጨረሻ ለማወቅ ስቸኩል ብዙ ነገር አምልጦኛል። በሁለተኛው ዙር ግን መጨረሻውን አውቄ በዝግታ ስመለከተው፣ ድራማው እውነተኛ ጉልበቱን ያኖረው በጦር ሜዳው ሳይሆን ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ስለ መሬት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ማዕረግና ስለ ቅጣት በሚከራከሩባቸው ረጃጅም ትዕይንቶች ውስጥ መሆኑን ተረዳሁ። አንድ ደካማ መንግሥት እንዴት ኃያል ሊሆን ቻለ ለሚለው ጥያቄ ይህ ድራማ የሚሰጠው መልስ ሕግ ነው። መልሱን በድፍረትና በትዕግሥት ስላሳየ ምስጋና ይገባዋል፤ ሕጉ ያስከፈለውን ዋጋ ግን አሳይቶ ሳይጨርስ ፊቱን ማዞሩ ትልቁ ድክመቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በቻይና ታሪክ የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን ተብሎ በሚጠራው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከአምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 221 በዘለቀው ጊዜ ውስጥ ነው። የጆው ሥርወ መንግሥት ንጉሥ በስም ብቻ የሁሉም የበላይ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ሥልጣኑን ከእጁ የወሰዱት ቺ፣ ቹ፣ ዬን፣ ሃን፣ ጃዎ፣ ዌይ እና ቺን የተባሉ ሰባት መንግሥታት ነበሩ። ከሰባቱ በምዕራብ ጫፍ፣ ዛሬ ዋና ከተማው ሺያን በሆነው የሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ በዌይ ወንዝ ሸለቆ የሰፈረው ቺን በሌሎቹ ዘንድ ከአረመኔ ጎሣዎች ጋር የሚቆጠር፣ በመኳንንቱ ጉባኤ ላይ የማይጋበዝ መንግሥት ነበር። ከቢጫው ወንዝ በስተምዕራብ የነበረውን ሰፊ መሬቱን ኃያሉ ጎረቤቱ የዌይ መንግሥት ነጥቆታል። (የወንዙና የመንግሥቱ ስም በእኛ ፊደል አንድ ዓይነት ቢመስልም በቻይንኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ ተመልካቹ እንዳይደናገር።) ዪንግ ቹሊያንግ የተባለው የ21 ዓመት ወጣት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ361 በአባቱ ወንበር የተቀመጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ታሪክም መስፍን ሺያዎ ብሎ ያውቀዋል።

ድራማው ከ362ቱ የሻዎሊያንግ ጦርነት ተነሥቶ በጥቂት ክፍሎች ውስጥ ወጣቱን መስፍን ከባድ ሸክም ያሸክመዋል። አባቱ ሞቷል፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው፣ ስድስቱ መንግሥታት ደግሞ ቺንን ቆራርሰው ለመከፋፈል ጉባኤ ተቀምጠዋል። ይህ የስድስቱ ጉባኤ በጥንቱ መዝገብ በዚህ መልክ የሚገኝ አይደለም፤ የልቦለዱ ደራሲና የድራማው ጸሐፊ የሱን ሃዎሁዊ ፈጠራ ነው። እኔ ግን ፈጠራውን አልነቅፈውም። በመቶ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የተጠራቀመውን አደጋ ተመልካቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲያየው አድርጎታልና። መስፍኑ በመንግሥት አዳራሹ ፊት የአገር ውርደት የሚል ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ሲያስተክልም ትዕይንቱ ከታሪክ ስር የለቀቀ አይደለም፤ በታሪክ መዝገብ የተቀመጠው የእርሱ አዋጅ ራሱ የቀደሙት የቺን ገዢዎች በውስጥ ሽኩቻ አገሪቱን እንዳዳከሙና መሳፍንቱ ቺንን በመናቃቸው ከዚህ የሚበልጥ ውርደት እንደሌለ በግልጽ ይናገራል። አንድ ገዢ የአባቶቹን ስሕተት በአደባባይ አስነብቦ፣ ከየትኛውም አገር ይምጣ፣ ቺንን የሚያጠነክር ምክር ላመጣ ሰው ሹመትና መሬት እሰጣለሁ ሲል ማየት ዛሬም ያስገርማል።

አዋጁን ሰምቶ ከዌይ የመጣው ሰው በኋላ ሻንግ ያንግ የተባለው ነው። የዌይ ዋና ከተማ የነበረችው አንዪ በድራማው የምትታየው በሀብትና በወሬ የተሞላች ሆና ነው። በዚያ ያለው ታላቅ የመጠጥና የእንግዳ ቤት ምሁራን፣ ነጋዴዎችና ሰላዮች ተሰብስበው የድንጋይ ሰሌዳ ጨዋታ እየተጫወቱ የመንግሥታትን ዕድል የሚመዝኑበት ስፍራ ሲሆን፣ የድራማው ጸሐፊ የዘመኑን መንፈስ በአንድ ጣሪያ ሥር ለማሳየት ሲል ደጋግሞ ይመለስበታል። ወዲያው ደግሞ ካሜራው ወደ ቺን ከተማ ወደ ዩዌያንግ ሲሻገር ቀለሙ ይጠፋል፤ ግድግዳው አፈር፣ ልብሱ ጥቁር፣ ማዕዱም ጭር ያለ ነው። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ብቻውን አንድ ሰው ያንን ትቶ ወደዚህ የሚመጣበት ምክንያት ምን ይሆን ብሎ ተመልካቹን ያስጠይቃል።

የመልሱ ግማሽ የሚገኘው በአንድ የሞት አልጋ አጠገብ ነው። የዌይ አሮጌው ዋና ሚኒስትር ሊሞት ሲል ንጉሡን ይህን ወጣት ሹመው፣ ካልሾምከው ደግሞ ከአገር ሳይወጣ ግደለው ብሎ መከረው፤ ንጉሡም የበሽተኛ ቅዠት ነው ብሎ ተወው። ሽማግሌው ተጸጽቶ ወጣቱን አምልጥ ቢለው፣ ሹመኝ ያልከውን ምክርህን ያልሰማ ንጉሥ ግደለው ያልከውን በምን ምክንያት ይሰማል ብሎ በዚያው ቆየ። ታሪኩ የጥንቱ የቻይና ታሪክ ጸሐፊ የሲማ ቺየን ነው፤ የሰውየው የአስተሳሰብ ቅዝቃዜ ሁሉ በዚህ አንድ መልስ ውስጥ አለ። ያ ንጉሥ ኋላ መሬቱን ሲቀማ ምክሩን ባለመስማቱ መጸጸቱም ተመዝግቧል።

ከመስፍኑ ጋር የተደረጉት ግንኙነቶች ደግሞ የድራማው ጸሐፊ የጥንቱን መዝገብ በፍቅር እንዳነበበ የሚመሰክሩ ናቸው። በመዝገቡ እንደተጻፈው ሻንግ ያንግ በመጀመሪያ ስለ ጥንታውያን ቅዱሳን ነገሥታት መንገድ ሲናገር መስፍኑ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ቀጥሎ ስለ ደጋግ ነገሥታት ሲያነሣም አይማርከውም፤ በመጨረሻ አገርን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስለሚያጠነክር መንገድ ሲናገር ግን መስፍኑ ሳያውቀው በጉልበቱ እየተሳበ ከምንጣፉ ጫፍ ደርሶ ለቀናት አብረው ሲነጋገሩ ይቆያሉ። ያን ጊዜ ወንበር ስላልነበረ ሰው ሁሉ በምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ይቀመጥ ነበር፤ ድራማውም ይህን ሥርዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠብቋል። በእኔ ዓይን ከማንኛውም ፈረሰኛ ግልቢያ ይልቅ ልብ የሚሰቅለው ይህ የሁለት ሰዎች ንግግር ነው።

መስፍኑን የሚጫወተው ሆው ዮንግ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ትከሻውን ትንሽ ጎበጥ አድርጎ፣ ድካምንና ቁርጠኝነትን በአንድ ፊት ላይ ይዞ ይዘልቃል። ሻንግ ያንግን የሚጫወተው ዋንግ ዥፌይ ደግሞ ቃላቱን እንደ መድረክ ተዋናይ አንድ በአንድ እየለቀመ የሚናገር ሲሆን፣ ሰውን ከመውደድ ይልቅ ሐሳብን የሚወድ ሰው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም የሚያሰኝ ቅዝቃዜ አለው። የሁለቱ ወዳጅነት የድራማው ምሰሶ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ምንም ማድረግ እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ፤ ይህንንም በቃል ሳይናገሩት ተመልካቹ እንዲያውቀው ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ድራማው ከሌሎች ሁሉ የሚለይበት ቦታ ይህ ነውና። በ356 የተጀመረው የመጀመሪያው ዙር ማሻሻያ ቤተሰቦችን በአምስትና በዐሥር እያደረገ አንዱ ለሌላው ጥፋት ተጠያቂ እንዲሆን አደረገ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ከአንድ በላይ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች ያሉበትና ያልተከፋፈለ ቤት እጥፍ ግብር እንዲከፍል አስገደደ፤ በእርሻና በሽመና ብዙ ያመረተውን ከጉልበት ሥራ ነጻ አወጣ፤ ማዕረግን በጦር ሜዳ ውጤት ብቻ እንዲገኝ አድርጎ የመስፍኑ ዘመዶች እንኳ ጀብዱ ከሌላቸው ከመኳንንት መዝገብ እንዲሰረዙ ወሰነ። በ350 በተከተለው ሁለተኛ ዙር ዋና ከተማው ወደ ሺያንያንግ ተዛወረ፣ ትናንሽ መንደሮች ተጠቃለው በማዕከል በሚሾሙ ሹማምንት የሚተዳደሩ ወረዳዎች ሆኑ፣ የመሬት ድንበርም እንደገና ተከለለ። እንዲህ ሲዘረዘር ደረቅ የሚመስለውን ይህን ሁሉ ድራማው በአዳራሽ ክርክር፣ በመንደር ጠብ፣ በገበሬ ጥርጣሬ አድርጎ ያቀርበዋል። በተለይም የአሮጌው ወገን መሪ ጋን ሎንግ ሞኝ ሆኖ አለመቀረጹ ደስ ብሎኛል። ሕዝብ የለመደውን ትቶ በአዲስ መንገድ ማስተዳደር አደጋ አለው የሚለው ክርክሩ ክብደት አለው፤ ስለዚህም ሲሸነፍ እውነተኛ ተከራካሪ እንደተሸነፈ ይሰማል።

የግንዱ ትዕይንት ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ሕጉ ተጽፎ አልቋል፤ ነገር ግን መንግሥት ቃሉን ይጠብቃል ብሎ የሚያምን ሰው በአገሩ የለም። ሻንግ ያንግ በገበያው ደቡብ በር ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ግንድ አስቁሞ፣ ይህን ወደ ሰሜኑ በር የሚያደርስ 10 ወርቅ ይቀበላል አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሥራው ቀላል፣ ክፍያው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ወጥመድ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሕዝቡ ራቅ ብሎ ይመለከታል። ክፍያው 50 ሲሆን አንድ ሰው ቀርቦ ግንዱን ተሸክሞ ሄደ፤ ወርቁም ወዲያው ተቆጠረለት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጦር አልተመዘዘም፣ ማንም አልሞተም። ሆኖም ከዚህ በኋላ ሕጉ ሲታወጅ ሕዝቡ የመንግሥት ቃል ቃል መሆኑን አውቆ ነበር። ስለ መንግሥት አመሠራረት የሚያወሩ ብዙ ድራማዎችን አይቻለሁ፤ እምነት የሚባለውን የማይታይ ነገር እንዲህ ባለ ከባድ እንጨት ያሳየኝ ግን ሌላ አላስታውስም።

የእነዚያ ሕጎች አሻራ እስከ ዛሬ በእጅ የሚዳሰስ መሆኑን ማወቅ ድራማውን ስናይ ይረዳል። በሻንግሃይ ሙዚየም ውስጥ አንድ መያዣ ያለው አነስተኛ አራት ማዕዘን የነሐስ መስፈሪያ አለ። ሻንግ ያንግ በ344 ያሠራው የእህል መለኪያ ሲሆን፣ የሚይዘው ወደ 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ያህል ነው። በጎኑ ላይ የተሠራበት ዓመት፣ የባለሥልጣኑ ስምና ልኩ ተቀርጿል። በግርጌው ደግሞ ከ123 ዓመት በኋላ፣ በ221፣ የቻይና የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ሰባቱን መንግሥታት አንድ አድርጎ ልኬትን ለመላው አገር ሲደነግግ ያወጣው አዋጅ በዚያው ዕቃ ላይ ተጨምሮበታል። ድራማው የሚተርክልን የመስፍን ሺያዎ ትውልድና ቺን ሁሉን የጠቀለለበት ትውልድ በዚህች መስፈሪያ ላይ ይገናኛሉ። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1975 ሁቤይ ክፍለ ሀገር ሹዊሁዲ በተባለ ቦታ ከአንድ የቺን ዝቅተኛ ሹም መቃብር ከ1,100 በላይ የተጻፈባቸው የቀርከሃ ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። ከሻንግ ያንግ ዘመን በኋላ የተጻፉ ቢሆኑም መንፈሱ የእርሱ ነው። ከድንጋጌዎቹ አንዱ በመንግሥት በሬ ያረሰ ሰው የበሬው ወገብ ዙሪያ ከቀነሰ፣ በቀነሰው በእያንዳንዱ ጣት ያህል ልክ 10 ጅራፍ እንደሚገረፍ ይናገራል። የበሬን ወገብ በገመድ የሚለካ መንግሥት ምን ያህል ወደ ሰው ጓዳ እንደሚገባ ለማሰብ አያዳግትም።

ድራማው ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው ሕጉ ከመስፍኑ ቤት ጋር በተጋጨ ጊዜ ነው። አልጋ ወራሹ ዪንግ ሲ ገና ልጅ ሳለ፣ ከርስቱ የተላከለት የግብር እህል ጠጠር ተቀላቅሎበት በማግኘቱ በቁጣ ወደ መንደሩ ሄዶ ሰው ይገድላል። ሕጉ ገዳይ ይሙት ይላል፤ ገዳዩ ግን የነገው ገዢ ነው። ሻንግ ያንግ ሕግ የማይከበረው ከላይ ያሉት ስለሚጥሱት ነው ብሎ ቅጣቱን በልጁ መምህራን ላይ ያደርጋል፤ ከመካከላቸውም የመስፍኑ ወንድም፣ የጦሩ አለቃ ዪንግ ቺየን አፍንጫው ይቆረጣል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህ ጄኔራል ለሕጉ ዋና ደጋፊና ለወንድሙ ጋሻ ሆኖ ነበር የታየው። ከዚያ በኋላ ፊቱን ሸፍኖ፣ በሩን ዘግቶ በጨለማ ቤት ይቀመጣል፤ በመዝገቡ መሠረት ስምንት ዓመት ከደጁ አልወጣም። ድራማው ይህን ሰው ወደ ተራ ተበቃይ አለማውረዱ ታላቅ ብስለት ነው። ሻንግ ያንግን ይጠላል እንጂ ሕጉን አይጠላም፤ ቺን የተነሣው በዚያ ሕግ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። የሰው ልብ እንዲህ ለሁለት ሲሰነጠቅ ያለ ጩኸት ማሳየት ቀላል ጥበብ አይደለም።

በዌይ ወንዝ ዳር ከ700 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን የተገደሉበት ታሪክም በድራማው ቦታ አግኝቷል። በውኃ የተጣሉ መንደሮች የግል ጦርነት መክፈት በአዲሱ ሕግ በሞት የሚያስቀጣ በመሆኑ የጎሣ ሰዎች በጅምላ ይቀጣሉ፤ በትውፊት እንደሚነገረው የወንዙ ውኃ ቀላ። ትዕይንቱ የሚያስፈራ ነው፤ መሆንም አለበት። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ካሜራው ከሟቾቹ ይልቅ በሻንግ ያንግ ፊት ላይ ብዙ ይቆያል። የእርሱን ሥቃይ፣ የእርሱን ጽናት እናያለን፤ ባሏን ወይም ልጇን ያጣች አንዲት ሴት በቀጣዩ ክረምት እህሏን እንዴት እንዳጨደች ግን አናይም። ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ሜዳው ለምልሟል፣ ጎተራው ሞልቷል፣ ሕዝቡም ደስተኛ ነው። ደሙና ምርቱ በዚህ ፍጥነት ሲያያዙ ተመልካቹ ሒሳቡ ተወራርዷል ብሎ እንዲያምን ይገፋፋል፤ እኔ እንዲህ ያለውን ግፊት ልቀበለው አልቻልኩም።

ሲማ ቺየን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈው ሻንግ ያንግ በድራማው ካለው ይልቅ የከረረ ሰው ነው። ወንጀለኛን ያልጠቆመ ወገቡ ላይ እንዲቆረጥ፣ የጠቆመ ግን የጠላት ራስ እንደቆረጠ ወታደር እንዲሸለም ያዘዘ እርሱ ነበር። ሕጉ በታወጀ በመጀመሪያው ዓመት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዋና ከተማ ድረስ መጥተው አቤቱታ አሰሙ። ዐሥር ዓመት ሲሞላ በመንገድ የወደቀ ዕቃ የሚያነሣ ጠፋ፣ በተራራው ሽፍታ አልነበረም፣ ቤቱ ሁሉ ሞላ። ያኔ ቀድሞ ያማርሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ሕጉን ሊያመሰግኑ መጡ፤ እርሱም እነዚህም ሥርዓት አዋኪዎች ናቸው ብሎ ሁሉንም ወደ ጠረፍ አጋዛቸው። ማማረርም ማመስገንም አልተፈቀደም፤ የተፈቀደው መታዘዝ ብቻ ነው። ድራማው ይህን ሰው በሙሉ ልኩ ቢያቀርብልን ኖሮ ታላቅነቱ አይቀንስም ነበር፤ የምናደንቀውንና የምንፈራውን በአንድ ፊት ላይ አይተን የበለጠ እንጨነቅ ነበር እንጂ።

የመጨረሻዎቹ ክፍሎችም በዚህ ምክንያት ግማሽ ልቤን ብቻ ነው የወሰዱት። በ338 መስፍን ሺያዎ ሲሞትና ዪንግ ሲ ሲነግሥ፣ ድራማው ሻንግ ያንግን ራሱን ለሕጉ መሥዋዕት አድርጎ በፈቃዱ ወደ ሞት የሚሄድ፣ በርስቱ ያሉ ሰዎች ሊነሡለት ሲሉ የሚከለክል ቅዱስ አድርጎ ያሳየዋል። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። ሸሽቷል፤ በድንበር አጠገብ ወደ አንድ የእንግዳ ቤት ገብቶ ማደሪያ ሲለምን፣ ባለቤቱ ማንነቱን ሳያውቅ፣ በሻንግ ጌታ ሕግ መታወቂያ የሌለውን ያሳደረ ሰው ይቀጣል ብሎ መለሰው። ወደ ዌይ ቢሄድ አልተቀበሉትም፤ ወደ ርስቱ ተመልሶ ሰው አሰባስቦ ተዋጋ፣ ተሸነፈ፣ ተገደለ፣ አካሉም በሠረገሎች ተጎተተና ተቆራረጠ፣ ቤተሰቡም ተደመሰሰ። በራሱ ሕግ ደጅ የተከለከለ፣ ለሕይወቱ የሮጠ ሰው በፈቃዱ ከሞተ ሰማዕት ይልቅ ለእኔ ቅርብ ነው። ደራሲው ስለ ገጸ ባሕርዩ ያለው ፍቅር ከሰውየው ላይ ፍርሃቱን ወስዶበታል፤ ፍርሃቱ ሲወሰድ ደግሞ የሞቱ ክብደት አብሮ ቀለለ።

ስለ ፍቅር ታሪኮቹ ብዙ አልልም። በጋዎ ዩዌንዩዌን የተተወነችው ባይ ሹዌ ብልህና ግርማ ያላት ሴት ብትሆንም አብዛኛው ሥራዋ ሻንግ ያንግን መጠበቅና ማድነቅ ሆኗል፤ ሌሎቹም ሴቶች ከእርሷ የተሻለ ዕድል አልገጠማቸውም። የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ የሞዚ ተከታዮች የሆኑት ምሥጢራዊ ማኅበርተኞች መስፍኑን በጨካኝነት የሚከሱበት ክፍል ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሕጉን ከውጭ ሆኖ የሚጠይቅ ድምፅ ድራማው ያስፈልገው ነበርና። አፈጻጸሙ ግን ወደ ሰይፍ ጨዋታ ተረት ይንሸራተታል።

በሥራ ጥራት በኩል አልባሳቱና የቤት ዕቃው የተደከመባቸው ናቸው። የቺን ሰዎች ጥቁር፣ የዌይ ሰዎች ቀይ መልበሳቸው ብዙ ስሞች ለሚያደናግሩት ተመልካች መሪ ነው፤ ሰነዶች ሁሉ በቀርከሃ ሰሌዳ ላይ መጻፋቸው፣ ተጠቅልለው ሲከመሩ የሚሰጡት ክብደት፣ ብርሃኑ ከነሐስ መብራት ብቻ የሚመጣ መምሰሉ አዳራሾቹን እውነተኛ ያደርጋቸዋል። የጦር ሜዳው ትዕይንት ግን ከዘመኑ የኮምፒውተር ሥዕል ጥበብ ጋር አብሮ አርጅቷል፤ ትላልቅ ሠራዊቶች በሩቅ ሲታዩ የተለጠፉ ይመስላሉ፣ አንዳንድ ቀረጻዎችም ይደጋገማሉ። ዳይሬክተሮቹ ሁዋንግ ጂየንጆንግና ዬን ዪ ከሠራዊት ይልቅ ፊትን ማንሣት የሚችሉ ባለሙያዎች መሆናቸው በየክፍሉ ይታያል። ሙዚቃው ከባድ ከበሮና የወንዶች ዝማሬ ያበዛል፤ ወታደሮቹ በአንድ ድምፅ መሐላቸውን ሲያስተጋቡ በመጀመሪያ ደም ያሞቃል፣ በዐሥረኛው ጊዜ ግን ጆሮ ይለምደዋል።

ለማየት ለሚያስብ ሰው የምለው፣ እያንዳንዱ ክፍል ወደ 45 ደቂቃ ስለሚሆን ጠቅላላው ወደ 38 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል፤ በአንድ ሳምንት ሊጨርሱት የሚገባ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ክፍሎች ከባድ ናቸው፤ ስሞቹ ይበዛሉ፣ አንዱ ሰው በሁለትና በሦስት ስም ይጠራል፤ ሻንግ ያንግ ራሱ ይህን ስም ያገኘው በ340 ዌይን ድል ነሥቶ የሻንግ 15 ከተሞች በርስትነት ሲሰጡት ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ በሌላ ስሙ ዌይ ያንግ ተብሎ ነው የምንሰማው። የመስፍኑን፣ የሻንግ ያንግን፣ የዪንግ ቺየንን፣ የጋን ሎንግንና የአልጋ ወራሹን ስም በወረቀት ጽፎ አጠገቡ ያስቀመጠ ተመልካች ብዙ ድካም ይቀንስለታል። ጦርነትና ፍጥነት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይሰለቻል፤ መንግሥት ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚወድ ግን ስድስተኛው ክፍል ላይ ከደረሰ በኋላ ማቆም አይችልም። ትናንሽ ልጆች ላሉበት ቤት የቅጣት ትዕይንቶቹ ከባድ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ተከታይ ምዕራፎች ተሠርተዋል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቶ እስከ መጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ዘመን ይደርሳል። ወደ ሁለተኛው የሚሻገር ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይዞት መሄድ ያለበት ስም ዪንግ ሲ ነው። በልጅነቱ ሰው ገድሎ መምህራኑ የተቀጡለት፣ ሻንግ ያንግን በሠረገላ ያስቀደደ እርሱ ነው፤ ሕጉን ግን ሳይሽር ይዞት ቀጠለ። በሁለተኛው ምዕራፍ ፉ ዳሎንግ ይጫወተዋል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከሻንግ ያንግ ላይ የወሰደብንን ፍርሃት በዚህ ንጉሥ ፊት ላይ አግኝቼዋለሁ።